ኤግዚስት ኤክስን ሸፍኖታል፣ ጂኑ ግን ዝም አላለም፤ ምን አጠፋሁ?

ሳሮን ላብ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። የእንስት ሴል ሲለወጥ ካሉት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱን ይዘጋል፤ የሚዘጋውም ኤግዚስት የተባለ፣ ኤክሱን የሚሸፍን አርኤንኤ ነው። የእንስት አይጥ የጽንስ ስቴም ሴሎችን ሊፍ (ሳይለወጡ የሚያቆያቸውን ፕሮቲን) አንስቼባቸው መለወጥ ከጀመሩ በ4ኛው ቀን በአርኤንኤ ፊሽ (አርኤንኤን በሚያበራ ፕሮብ በሚያሳይ ዘዴ) አየኋቸው። ከ100 ሴል 35 ያህሉ ጥርት ያለ የኤግዚስት ደመና አላቸው። እዚያው ደመና ላይ የኤች3ኬ27 ትራይሜቲል ምልክትም (ዲኤንኤ በሚጠመጠምበት ፕሮቲን፣ በሂስቶን ላይ የሚጻፍ) በአንቲቦዲ ይታያል። ኬዲኤም5ሲ የተባለውን የኤክስ ጂን ስፈልግ ግን ደመና ባላቸው ሴሎች ውስጥም ሁለት ነጥብ (ከየኤክሱ አንድ) ነው የማገኘው። በኪው ፒሲአርም (የአርኤንኤ መጠን መለኪያ) ሌላው የኤክስ ጂን ፒጂኬ1 ካልተለወጡት ሴሎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ኤግዚስቱ የኤ ድግግሞሹን (ጂን ዝም የሚያሰኝበትን ክፍሉን) አጥቶ ይሆን? ወይስ ችግሩ ከአሠራሬ ነው?

ዓሣ አጥማጁ
ሳሮን፣ ኤግዚስቱን ከመክሰስሽ በፊት ምስክርሽን መርምሪ። ኬዲኤም5ሲ በተዘጋው ኤክስ ላይም መሥራቱን ከማያቆሙት ጂኖች አንዱ ነው፤ በአይጥም በሰውም። ኬዲኤም6ኤ፣ ዲዲኤክስ3ኤክስ እና ኢአይኤፍ2ኤስ3ኤክስም እንደዚያው ናቸው። ሁለት ነጥብ ማየትሽ ፊሽሽ እንደሚሠራ ነው የሚነግረኝ።

በምትኩ በተዘጋው ኤክስ ላይ ዝም የሚሉት የሂዩዌ1 ወይም የኤቲአርኤክስ ጂን ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል) ላይ የሚያርፍ ፕሮብ ያዢ። ኢንትሮን የሚያሳየው እዚያው ጂኑ ላይ እየተገለበጠ ያለውን ነው። ኤክሶን (በአርኤንኤው ውስጥ የሚቀረው ክፍል) ላይ ካረፈ ቀድሞ ተሠርቶ ሳይቶፕላዝም ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ይበራብሻል። ደመና ያላቸውንና የሌላቸውን ለየብቻ ቁጠሪ፣ ከየወገኑ ቢያንስ 100 ኒውክሊየስ። ጂን ያለማቋረጥ አይገለበጥም፤ ይነሳል፣ ያርፋል። ስለዚህ ደመና በሌለው ሴልም አንዳንዴ አንድ ነጥብ ብቻ ታገኛለሽ። ማነጻጸሪያሽ እሱ ይሁን።

ሒሳብ ይቅደም
የኪው ፒሲአሩን እንቆቅልሽ ወረቀትና እርሳስ ይፈታዋል። 100 ሴል ማለት 200 ኤክስ ነው። 35ቱ ሴሎች አንዱን ኤክስ ሙሉ በሙሉ ቢዘጉ እንኳ 165 የሚሠራ ኤክስ ይቀራል፣ 82.5 ከመቶ ማለት ነው። በሲቲ (በኪው ፒሲአር የዑደት ቆጠራ) ሲመነዘር 0.28 ዑደት! ይህን የምታህል ልዩነት የፒፔት ስህተት ይውጣታል። ሴል ሲለወጥ ደግሞ ፒጂኬ1 ከኤክስ መዘጋት ጋር በማይገናኝ ምክንያትም ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሴሎቹን ሳትለዪ መለካት ከፈለግሽ አንዱ ኤክስ ከ129 የአይጥ ዝርያ፣ ሌላው ከካስታኒየስ የሆነ ዲቃላ መስመር ያስፈልግሻል። በዲኤንኤ ፊደላቸው ልዩነት የትኛው ኤክስ እንደተነበበ ይለያል። ግማሽ በግማሽ ግን አትጠብቂ፤ የካስታኒየሱ ኤክስ ክፍት ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ሰፋ ያለ ነው።

ካርዮ
ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ፦ ሴሎችሽ አሁንም ሁለት ኤክስ አላቸው? የእንስት አይጥ ስቴም ሴል በካልቸር ሲቆይ አንዱን ኤክስ ይጥላል። አንድ ኤክስ የቀረው ሴል ደግሞ ደመና አያወጣም። ደመና ከሌላቸው 65ቱ ስንቶቹ እንዲህ እንደሆኑ ካላወቅሽ 35 የምትለው ቁጥር ብዙ አይነግርሽም፤ የላይኛው ስሌትም ይፋለሳል። ቀላሉ መንገድ የሂዩዌ1ን ፊሽ በ0ኛው ቀን መሥራት ነው። አብዛኛው ሴል ሁለት ነጥብ ማሳየት አለበት። ከተጠራጠርሽ የሜታፌዝ (በመከፈል ላይ ያለ ሴል) ክሮሞዞም ቁጠሪ፤ 40 መሆን ሲገባው 39 እየመጣ ከሆነ፣ የጠፋው ኤክስ መሆኑን በኤክስ ዲኤንኤ ፊሽ አረጋግጪና ወደ ቀደመው ፓሴጅ (ቀድሞ ወደተቀመጠው የሴል ትውልድ) ተመለሽ፣ ወይም ከአንድ ሴል አዲስ ክሎን አውጪ።

ሳሮን ላብ
ኬዲኤም5ሲን ስለመረጥኩት አፈርኩ፤ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ፣ የኤች3ኬ27 ምልክቱ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም? ሁለተኛ፣ ባልተለወጡት ሴሎችም የኤግዚስት ፕሮቤ ትናንሽ ነጥቦች ያሳየኛል። ፕሮቡ ከፕላዝሚድ በኒክ ትራንስሌሽን የተሠራ ነው።

አንድ ዘለላ
የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ኤግዚስት 17 ሺህ ቤዝ ገደማ የሚረዝም፣ ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ ነው፤ በሰው 19 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ሥራውን በየክፍሉ አከፋፍሏል። በ5′ ጫፉ ያለው የኤ ድግግሞሽ ስፔን የተባለውን ፕሮቲን ይይዛል (አገሩን አላልኩም)። ስፔን ኤችዳክ3ን ያነቃል፣ እሱም አሴቲልን ከሂስቶን ላይ ያነሳል። ጂኑን ዝም የሚያሰኘው በዋናነት ይህ መስመር ነው። የቢ ድግግሞሽ በበኩሉ በኤችኤንአርኤንፒ-ኬ ፕሮቲን በኩል ፒአርሲ1 የተባለውን የፕሮቲን ስብስብ ይጠራል፣ ሌላው ስብስብ ፒአርሲ2ም ተከትሎ ይመጣና ያየሽውን ኤች3ኬ27 ትራይሜቲል ይጽፋል።

እንግዲህ ልብ በይ፦ የኤ ድግግሞሹ የተቆረጠ ኤግዚስትም ክሮሞዞሙን ይሸፍናል፣ ምልክቱንም በተወሰነ ደረጃ ያስጽፋል፣ ጂኖቹ ግን አይዘጉም። እየሸፈነ እንደማይዘጋ እ.ኤ.አ. በ2002 ታይቷል። ስለዚህ ምልክቱ መሸፈኑን ይመሰክራል፣ መዘጋቱን ግን አይመሰክርም። የኤ ድግግሞሽሽን ለማየት ከ5′ ጫፍ የመጀመሪያውን 1 ሺህ ቤዝ አባዝተሽ አስነብቢ። ድግግሞሽ ስለሆነ ፒሲአሩ አጭር የሐሰት ባንድ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ባንዱን ብቻ አይተሽ አትፍረጂ።

ዓሣ አጥማጁ
ነጥቦቹ ትሲክስ ናቸው። ትሲክስ ከኤግዚስት ትይዩ፣ በተቃራኒው ሰንሰለት የሚገለበጥና ኤግዚስትን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ ነው፤ ባልተለወጠ ሴል ኤግዚስትን የሚያፍነውም እሱ ነው። በኒክ ትራንስሌሽን የተሠራ ፕሮብ ሁለቱንም ሰንሰለት ይይዛል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ያሳያል። ለኤግዚስት ብቻ ከፈለግሽ አንድ ሰንሰለት የሚይዙ አጫጭር ኦሊጎዎችን ተጠቀሚ። ለካርዮ ጥያቄ ግን ያው ፕሮብ ይጠቅማል፤ በ0ኛው ቀን ሁለት የትሲክስ ነጥብ ማለት ሁለት ኤክስ ነው።

ዝግጅቱን ስላልጻፍሽው፦ ከቨር ስሊፑን በበረዶ ላይ በሲኤስኬ ባፈር (100 ሚሊሞላር ጨው፣ 300 ሱክሮስ፣ 3 ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ 10 ፓይፕስ፣ ፒኤች 6.8) 0.5 ከመቶ ትራይተንና 10 ሚሊሞላር ቫናዲል ጨምረሽ 5 ደቂቃ ያዢው። ከዚያ በ4 ከመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ 10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 70 ከመቶ አልኮል። ቫናዲል የምትጨምሪው አርኤንኤዝን እንዲያግድልሽ ነው፤ ባፈርሽ ውስጥ ኢዲቲኤ ካለ ግን ቫናዲሉን ይነጥቅሽና ጥበቃው ይፈርሳል። ሃይብሪዳይዜሽኑ በ50 ከመቶ ፎርማማይድ፣ በ2 እጥፍ ኤስኤስሲ (የጨው ባፈር)፣ በ37 ዲግሪ ሌሊቱን ይደር። ስላይዱን አታሙቂ! ዲኤንኤው ከተከፈተ ፕሮቡ ጂኑ ላይ ራሱ ይለጠፍና አርኤንኤ መስሎ ያታልልሻል። አንዱን ከቨር ስሊፕ በአርኤንኤዝ ኤ አጥበሽ ለቁጥጥር አስቀምጪ፤ እሱ ላይ የቀረ ነጥብ ሁሉ አርኤንኤ አይደለም።

ጥበቡ 77
እኔ ደግሞ እስከ 7ኛው ቀን ጠብቂ እላለሁ። ያኔ ሁሉም ይጠራል።

አንድ ዘለላ
መጠበቁ አይከፋም፣ ኤክስ የጣሉትን ሴሎች ግን አይመልስም። ኤግዚስትን በማንሳት ፈተና ለመሥራት ካሰብሽ ደግሞ ጊዜው ወሳኝ ነው። ኤግዚስትን በመድኃኒት ማብራትና ማጥፋት በሚቻልባቸው ስቴም ሴሎች እንደታየው፣ ለውጥ ከጀመረ እስከ 48 ሰዓት ኤግዚስት ሲጠፋ ጂኖቹ ይመለሳሉ። ከ72 ሰዓት በኋላ ግን ኤግዚስት ቢጠፋም ተዘግተው ይቀራሉ፤ በዲኤንኤ ሜቲሌሽንና በሌሎች መቆለፊያዎች ይያዛሉ። በ7ኛው ቀን ኤግዚስትን አጥፍተሽ ለውጥ ብታጪ ምንም አይገርምም። ማጥፊያሽም ኒውክሊየስ ውስጥ አርኤንኤዝ ኤች የተባለውን አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም የሚጠራ ጋፕመር (አጭር ኦሊጎ) ይሁን፤ ኤግዚስት ከኒውክሊየስ ስለማይወጣ ተራ ኤስአይአርኤንኤ በደንብ አያገኘውም።