እማዬ ሆስፒታል ናት፣ «ዲ ኤን አር ይሁን ወይ?» እያሉን ነው። ምን ልበል?

የእማዬ_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሆስፒታል የምትሠሩ ወይም በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ጭንቅ ላይ ነኝ።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። የሳንባ ካንሰር ነው፣ ወደ ጉበቷና ወደ አጥንቷ ሄዷል። አሁን የተኛችው የሳንባ ምች ይዟት ነው። በአፍንጫዋ ኦክስጅን አድርገውላታል፣ ግን ትናገራለች፣ ሰው ትለያለች፣ ትናንት እንዲያውም «ቡና እንኳ የማይፈላበት ምን ዓይነት ቤት ነው ያመጣችሁኝ» ብላ አስቃናለች። ካንሰር መሆኑን አልነገርናትም። «ሳንባሽ ላይ ውኃ ቋጥሯል» ነው ያልናት።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ጠራችኝና «ልቧ ቢቆም ደረቷን እየተጫንን፣ ማሽን አስገብተን እንድንሞክር ትፈልጋላችሁ ወይስ ዲ ኤን አር ይሁን?» አለችኝ። ደርቄ ቀረሁ። ዳላስ ላለው ወንድሜ ስደውልለት «ልትገድያት ነው እንዴ! ምንም እንዳትፈርሚ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ታለቅሳለች እንጂ ምንም አትልም። አባታችን በሕይወት የለም።

እሺ ካልን መድኃኒቱንም ያቆሙባታል? ወንድሜ እንቢ ካለ ማን ነው የሚወስነው? ደግሞስ ኃጢአት አይሆንብኝም?

አይሲዩ_ነርስ (ቨርጂኒያ)

አይዞሽ እህቴ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዲ ኤን አር ማለት ልቧ ከቆመ በኋላ ሲፒአር (ደረቷን እየተጫኑ ልቧን ለመመለስ መሞከር) አይደረግላት ማለት ነው። በቃ። አንቲባዮቲኩ፣ ኦክስጅኑ፣ ግሉኮሱ፣ ማስታገሻው ሁሉ ይቀጥላል። ዲ ኤን አር ሆኖ ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስድ አለ፣ ከሳንባ ምች ድኖ ቤቱ የሚገባም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ የትኛው ሕክምና ይደረግ፣ የትኛው ይቅር ተብሎ የሚሞላ ሞልስት የሚባል ቅጽ አለ፣ ስታዪው ይገባሻል። ሲፒአር አይደረግ ካላችሁ በኋላ ሌላ ምርጫ ይመጣል። «ኤ» ልቧ እስኪቆም ድረስ ሙሉ ሕክምና ይሰጣት ነው፣ እሱም ራሱ ቱቦ ጉሮሮዋ ይግባ ወይስ አይግባ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። «ቢ» ግን ከስቃይ ማሳረፍ ላይ ያተኮረ ነው። ስለዚህ ዝም ብለሽ «ዲ ኤን አር» አትበይ፣ የትኛው እንደሆነ ለይተሽ ተናገሪ። ቅጹ ላይ የሚፈርመው ደግሞ ሐኪሙ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ከተጻፈ በኋላም ሐሳብ ቢቀየር ይቀየራል።

ሲፒአርን ሰው የሚያውቀው ከፊልም ነው። ደረቱን ጫን ጫን ያደርጉታል፣ ሰውየው ስሎ ይነሳል። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ደረቷ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ድረስ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ትጫኛለሽ። ትልቅ ሰው ላይ የጎድን አጥንት ይሰበራል፣ ሲሰበር መዳፍሽ ሥር ይሰማሻል፣ ግን አታቆሚም። ክፍሉ በሰው ይሞላል፣ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ውጪ ይቆማል። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው ልባቸው ቆሞ ሲፒአር ከተደረገላቸው ውስጥ በሕይወት ከሆስፒታል የሚወጡት ከአራት አንድ ገደማ ናቸው። እሱም ወጣቱም የልብ ታማሚውም ሁሉም ተደባልቆ ነው። ካንሰሩ የተሰራጨበት ሰው ላይ ከዚያ እጅግ ያንሳል፣ ልቧ ቢመለስም ካንሰሩ እዚያው ነው። ነገሩ እኮ በ1960 ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ ሲጀመር የታሰበው ልቡ ድንገት ለቆመበት ሰው ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ለሚሞተው ሁሉ መደረግ የጀመረው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ትናገራለች አላልሽም? ስለ ቡና ትቀልዳለች አላልሽም? ታዲያ እናንተ ሦስታችሁ በስልክ ምን ያጣላችኋል? ውሳኔው የእሷ ነው! የልጆች ጉዳይ የሚመጣው እሷ መወሰን ሲያቅታት ነው። ያኔ ደግሞ ሕጉ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶና ማዶ ይለያያል። እኛ ጋ ቨርጂኒያ የልጆች ድምፅ ብልጫ ይሠራል። እናንተ ጋ ሜሪላንድ ግን ልጆች እኩል ናቸው፣ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ሆስፒታሉ ኮሚቴ ይሄዳል። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ጠይቋት። የፈለገችውን ለሐኪሟ በቃል ብትናገርና አንድ ምስክር ባለበት መዝገቧ ላይ ቢሰፍር ሜሪላንድ ውስጥ ይሠራል። ማን እንደሚወስንላትም በዚያው መንገድ መሾም ትችላለች። ብቻ አንቺ እንዳታስተረጉሚ። አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ የፌዴራል ሕግ ነው።

ጎበዝ_ዳላስ

እኔ ወንድሟን አልፈርድበትም። ለታመመ ሰው ካንሰር አለብህ ማለት እኮ ራሱ መግደል ነው። እኛ መርዶ እንኳ ሰው ሰብስበን፣ አመቻችተን ነው የምንነግረው፣ እነዚህ ግን ኮሪደር ላይ አቁመው ይጠይቁሻል። አባቴን ስትሮክ መትቶት «ተስፋ የለውም፣ ዲ ኤን አር ይሁን» ብለውን እንቢ አልን። ከዚያ በኋላ የልጄን ክርስትና በልቷል። ለኢንሹራንስ ነው፣ ለአልጋ ነው፣ እኔ አላምናቸውም።

አይሲዩ_ነርስ (ቨርጂኒያ)

@ጎበዝ_ዳላስ አባትህን እግዜር ያቆይልህ። ግን የአባትህ ልብ ቆሞ ነበር? ካልቆመ ያተረፈው ሌላ ሕክምና ነው፣ እሱን ደግሞ ዲ ኤን አር አይከለክልም። ኮሪደር ላይ መጠየቋ ነውር ነው ያልከው ትክክል ነው፣ እኔንም ያናድደኛል። የልጅቷ መብት ነው፣ «ቁጭ ብለን እንነጋገር፣ ወንድሜም በስልክ ይግባ» ማለት ትችላለች። ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው ቡድን ይምጣልን ብትልም ይመጣል። እሱን ስትሰሚ እንዳትደነግጪ፣ ልትሞት ነው ማለት አይደለም፣ ሥራቸው ሕመሙን ማስታገስና እንዲህ ያለውን ነገር ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ነው።

ዲያቆን_ነኝ (አሌክሳንድሪያ)

ስለ ኃጢአቱ የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ፣ እኔ ፍርድ አልሰጥም። ግን የማየውን ልናገር። ሰው ቄስ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ስንደርስ በሽተኛዋ ቱቦ አፏ ውስጥ ነው፣ በማደንዘዣ ተኝታለች። ያኔ ንስሐ እንዴት ትግባ? ቁርባኑንስ እንዴት ትቀበል? ቀንዲል ይቀባል፣ ይጸለያል፣ ልጆቹ ግን «ትንሽ ቀደም ብለን ብንጠራ» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይብሰለሰላሉ። እናትሽ አሁን አንደበቷ አለ። ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ደግሞ ንስሐ አባቷ ሲመጡ ብቻቸውን ተዉአቸው። ለልጅ የማይነገር ለእሳቸው ይነገራል።

ከአሽዶድ

እዚህ እስራኤል በ2005 የወጣ ሕግ አለ፣ ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ለተባለ ሰው የሚሆን። ፈቃዱ ካልሆነ መተንፈሻ ማሽን ውስጥ አያስገቡትም፣ አንዴ ከገባ ግን ማውጣት ክልክል ነው። የአክስቴ ልጆች ይህን የሰሙት ከገባች በኋላ ነው። አሜሪካ ማውጣት ይቻላል ይባላል፣ ቢሆንም ወንድምሽ «ይውጣ» የሚል ሰው አይመስለኝም። ስለዚህ ከመግባቷ በፊት ጨርሱት።

ሐኪም_አዲስ_አበባ

እኔ በምሠራበት ሆስፒታል እንዲህ ያለ ቅጽ የለም። የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋ ራሱ ጭንቅ ነው። ዘመድ «በቃ ወደ ቤቷ እንውሰዳት» ይላል፣ እሱ ነው የእኛ ዲ ኤን አር፣ ማስታገሻ ሳይያዝላት ስትሄድ ነው የሚያመኝ።

አነጋገሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ካንሰር አለብሽ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ስለ ሕመምሽ ሐኪሞቹ የሚያውቁትን ሁሉ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለልጆችሽ ይንገሩ?» በሏት። አንዳንዷ «ለልጄ ንገሯት፣ እኔ ጸሎቴን ልጸልይበት» ትላለች፣ እሱም መልስ ነው፣ መዝገብ ላይ ይጻፋል። አንዳንዷ ደግሞ ንገሩኝ ትላለች። ከዚያ «በጣም ብትደክሚ በማሽን መቆየት ትፈልጊያለሽ ወይስ እኛ አጠገብሽ ሆነን በሰላም?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ካንሰር የሚለው ቃል ሳይነሳም ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል።

የእማዬ_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ነርሷ የጻፈችውን ለወንድሜ በዋትሳፕ ልኬለት አንብቦ ዝም አለ፣ ቆይቶ «የነገውን በረራ ቆርጫለሁ፣ እስክመጣ ማንም እንዳያናግራት» አለኝ። ንስሐ አባታችንም ነገ ይመጣሉ። ስብሰባውን ከነገ ወዲያ አድርገነዋል።

አንድ ነገር ብቻ። ያለፈው ጊዜ የመጣችው አስተርጓሚ የእኛው ደብር ሰው ነበረች። እማዬ ስታያት «እንዴት ነሽ» ብቻ ብላ አንዲት ነገር ሳትተነፍስ ቀረች። ሌላ ሰው ጠይቁልን ቢባል ቅር ይላቸዋል?

አይሲዩ_ነርስ (ቨርጂኒያ)

ኧረ ምንም አይላቸውም። በስልክ ይሁንልን በያቸው። የሚያነሳው ምናልባት ሌላ ስቴት ያለ ሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው መለያ ቁጥሩን ነው፣ እናንተንም አያውቅ። ብቻ «አማርኛ» ብለሽ አስረግጠሽ ንገሪ፣ «ኢትዮጵያዊ» ካልሽ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሊያገናኙሽ ይችላሉ። ስልኩንም ትራሷ አጠገብ አድርጊው፣ ኦክስጅኑ እየጮኸ አይሰማትም።