ኮሂኑር «በውል» ነው የሄደው?

ሰናይት፦ ትናንት እዚሁ ኮሂኑር የተባለው አልማዝ «የምሥራቅና የምዕራብ ነገሥታት የባህል ልውውጥ ምስክር» ተብሎ ሲጻፍ ስንቱ አጨበጨበ! ማን ከማን ምን ተለዋወጠ? እ.ኤ.አ. በ1849 እንግሊዞች የሲኮችን መንግሥት ፑንጃብን ሲይዙ አልማዙ ለንግሥታቸው እንዲሰጥ የላሆር ውል ላይ አስገቡ፤ በቃ።

ዳዊት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ራስሽ አልሽው እኮ፣ በውል ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሕንድ መንግሥት ጠበቃም ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተሰረቀም፣ በጉልበትም አልተወሰደም ብሏል።

ሰናይት፦ በውል? ውሉን የፈረመው የፑንጃቡ ንጉሥ ዱሊፕ ሲንግ የ10 ዓመት ልጅ ነበር! እናቱን ጂንድ ካውርን አስቀድመው ነጥለው አሰሩበት። ይሄን ነው ውል የምትለኝ?

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ የፋርሱ ንጉሥ ናዲር ሻህም በ1739 ዴልሂን ዘርፎ ነው የወሰደው። የዱሊፕ አባት ራንጂት ሲንግም በ1813 ከተሰደደው የአፍጋን ንጉሥ ከሻህ ሹጃ የተቀበለው አስጨንቆት ነው። ለምን እንግሊዝ ብቻ ትነሳለች?

ሰናይት፦ ጋሽ መኮንን፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ፊተኛው መዝረፉ ኋለኛውን ነጻ አያወጣውም።

ሔለን፦ እኔን የሚያንገበግበኝ መቁረጣቸው ነው። 186 ካራት የነበረውን በ1852 ለንደን ላይ ፍቀው ፍቀው 105 አካባቢ አደረሱት። የሕንድ ቆራጮች ለድንጋዩ ክብደት ይሳሱ ነበር፤ እነዚያ ብልጭታ ብቻ ፈለጉ።

ዳዊት፦ በ1851 የለንደን ዐውደ ርእይ ላይ ያየው ሕዝብ አያበራም ብሎ ቅር ተሰኝቶ ነበር። ደግሞ ልውውጥ አልነበረም አትበሉ። ሕንድን የገዙት የሙጋል ነገሥታት መረግድ ከኮሎምቢያ በአውሮፓ ነጋዴዎች እጅ መጥቶ ነው ሕንድ ውስጥ አበባና የቁርኣን አንቀጽ የተቀረጸበት። በሕንድ የፓቲያላ ገዥ የነበረው ማሃራጃስ? እ.ኤ.አ. በ1928 ያለቀውን የአንገት ጌጥ ፓሪስ ጌጥ ሠሪው ካርቲየር ዘንድ አይደል ያሠራው?

ሔለን፦ መረግዱን ኮሎምቢያ ካለው ከሙዞ ማዕድን ያወጡት የአገሬው ሰዎች በስፔኖች ተገደው ነው የቆፈሩት። እሱንም ልውውጥ በለው።

ሰናይት፦ ማሃራጃው የገዛ ድንጋዩን ወስዶ፣ ወዶና ፈቅዶ አሠራ። እሱን ልውውጥ በለው፣ አልከራከርህም። ኮሂኑርን ግን ከእሱ ጋር አታዳብል።

ዳዊት፦ ውል ውል ነው፤ ሰነዱ አለ።

ሰናይት፦ አልማዙ በንጹሕ ውል የመጣ ከሆነ በ2023 በእንግሊዟ ንግሥት በካሚላ ዘውድ ላይ ለምን ሳያደርጉት ቀሩ?

ጋሽ መኮንን፦ እሺ ይመለስ። ሕንድም ፓኪስታንም አፍጋኒስታንም የእኔ ነው ብለዋል፤ ለማን?

ሔለን፦ ለሕንድ ነዋ!

ዳዊት፦ ላሆር እኮ ዛሬ ፓኪስታን ናት።

ሰናይት፦ ለማን የሚለውን እነሱ ይጨርሱት። ለንደን መቀመጡን ነው የምጠይቅህ፣ መልስልኝ።