ሰኞ የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ነው፤ አተኩሬ መሥራት ግን አልቻልኩም

ጠያቂው (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን የፊታችን ሰኞ ማስረከብ አለብኝ፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ምዕራፍ አራት ግን ገና አልተጻፈም። ከጧት ጀምሬ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ብቀመጥም አንድ አንቀጽ ሳልጨርስ እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል፤ አንድ መልእክት አይቼ ልመለስ ስል የግሩፕ ወሬ ይዞኝ ይቀራል፤ ስመለስም ምን ልጽፍ እንደነበር ይጠፋብኛል። እባካችሁ ዛሬውኑ የሚሠራ መፍትሔ ንገሩኝ።

የሒሳብ ሠራተኛ (ቡሬ)፦ ወንድሜ፣ ስልክህን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ ሌላ ክፍል አስቀምጠው።

የሶፍትዌር ባለሙያ (ባሕር ዳር)፦ ፖሞዶሮ የሚባለውን ዘዴ ሞክር። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ ያወጣው ነው፤ ስሙም የመጣው ይጠቀምበት ከነበረው ቲማቲም መሰል የማእድ ቤት ሰዓት ነው። 25 ደቂቃ ሌላ ምንም ሳትነካ ትሠራለህ፤ 5 ደቂቃ ታርፋለህ፤ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት ትወስዳለህ። በ25 ደቂቃው መካከል አንድ ነገር ትዝ ቢልህ ተነሥተህ አትፈጽመው፤ አጠገብህ ባለ ወረቀት ላይ ጻፈውና ቀጥል። እኔን ከሰዓቱ ይበልጥ የጠቀመኝ ይህ ወረቀት ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ሳልገልጽ የቀረሁት ነገር አለ። አማካሪዬ አስተያየታቸውን የሚልኩልኝ በቴሌግራም ነው፤ እኅቴም ሰሞኑን የምትወልድ ስለሆነች ስልኬን መዝጋት አልችልም።

ነርስ (ዳንግላ)፦ እንኳን ለእኅትህ መውለጃ አደረሳችሁ፤ በሰላም ያገላግላት። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ መዝጋት አያስፈልግህም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን አብራ፤ የእኅትህንና የባለቤቷን ቁጥር ኮከብ አድርግበትና ከእነርሱ የሚመጣ ጥሪ ብቻ እንዲያልፍ ፍቀድ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የደወለ ሰው እንዲያገኝህ የሚያደርግ ምርጫም አለው። እኔ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ቀን ስተኛ በዚህ እጠቀማለሁ። የአማካሪህን መልእክት ደግሞ ቀን 6 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ብታየው የሚቀርብህ ነገር ያለ አይመስለኝም።

የኮሌጅ መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦ እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። እጅህ ወደ ስልኩ የሚሄደው መቼ እንደሆነ ልብ ብለህ ተመልከት፤ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚሆን በማታውቅበት ቅጽበት አይደለምን? «ምዕራፍ አራትን መጻፍ» ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ የብዙ ሥራዎች ስም ነው። ስልኩ ባይኖር ኖሮ መስኮቱን ታያለህ፣ ወይም ቡና ልጠጣ ብለህ ትወጣለህ። ለመሆኑ ጽሑፉ ስለ ምንድን ነው? የቆምከውስ የት ላይ ነው?

ጠያቂው፦ በአሲዳማ አፈር ላይ ኖራ መጨመር ስለሚያመጣው የምርት ለውጥ ነው። መረጃው ተተንትኖ አልቋል፤ ሠንጠረዦቹም ተዘጋጅተዋል። የቀረው ማብራሪያው ነው።

የኮሌጅ መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦ እንግዲያው ከባዱን ጨርሰሃል ማለት ነው። አሁን በወረቀት ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ከመጀመሪያው ሠንጠረዥ ኖራ በተጨመረበትና ባልተጨመረበት ማሳ መካከል ያለውን የምርት ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር እገልጻለሁ።» ይህን ብቻ ሠርተህ ወደ ሁለተኛው ሠንጠረዥ እለፍ። ለዕረፍት ስትነሣም ቀጥለህ የምትጽፈውን ነገር በአንድ መስመር አስፍረህ ተነሣ። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ሰው ያልተቋጨ ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ሲዞር ከፊል ሐሳቡ እዚያው በቀደመው ላይ ይቀራል። የት እንደነበርክ የሚጠፋብህ ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም።

ጡረታ የወጣሁ መምህር (ቢቸና)፦ ልጄ፣ የጎጃም ሰው ሆነህ የማተኮርን ትምህርት ከጣሊያን ስትጠብቅ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በዋሸራ የቅኔ ትምህርት ቤት ቅኔ የሚቆጥር (የሚያዘጋጅ) ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቅጥሩ ጥግ ተቀምጦ፣ ቃሉንና ምስጢሩን በአእምሮው ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ብራናም ደብተርም አልያዘም። ጀማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ይነሣል እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ቀን አይደፍርም። ከሁሉ በላይ ግን የቆጠረውን ለመምህሩ መንገር እንዳለበት ያውቃል፤ መምህሩም ሰምተው ያርሙታል፣ ይመልሱታል ወይም ያልፉለታል። ብቻውን የዋለበትን ሥራ የሚሰማው ሰው እንዳለ ማወቁ አእምሮውን ሰብስቦ ይይዝለታል። የዛሬ ተማሪ ግን ለብቻው ውሎ ለብቻው ያድራል፤ ለዚህም ነው «እባካችሁ» እያለ የሚጽፈው።

የሶፍትዌር ባለሙያ (ባሕር ዳር)፦ መምህር፣ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጁ ያለው ጊዜ አራት ቀን ብቻ ነው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር (ቢቸና)፦ አራት ቀንም ቢሆን አራት ማታ አለው። ዛሬ የጻፈውን ማታ ለአንድ ጓደኛው ድምፁን አሰምቶ ያንብብለት፤ ነገም እንዲሁ ያድርግ። ሰሚው ስለ አፈር ባያውቅ እንኳ ያልገባውን ይጠይቀዋል።

የሒሳብ ሠራተኛ (ቡሬ)፦ እኔ አሁንም የምለው ኤርፕሌን ሞድ ነው። ስልክ ጠረጴዛ ላይ መኖሩ ብቻ ሐሳብን እንደሚወስድ በጥናት ተረጋግጧል።

የኮሌጅ መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦ አድሪያን ዋርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙትን ማለትህ ከሆነ፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል ያስቀመጡት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካደረጉት የተሻለ ውጤት አግኝተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዳንዶቹ ግን ያንኑ ውጤት ስላላገኙ «ተረጋግጧል» ማለት አይቻልም። ማራቁ ባይጎዳም ልጁ ጥሪ እንደሚጠብቅ ነግሮናል።

ተማሪ (ሞጣ)፦ እኔም በዚሁ ችግር ላይ ነኝ። የቴሌግራም ግሩፖችን ዝም አሰኝቼ የአማካሪዬን መልእክት ብቻ ማግኘት የምችለው እንዴት ነው?

ነርስ (ዳንግላ)፦ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ» የሚለውን ክፈች። «ግሩፕስ» እና «ቻናልስ» የሚሉትን አጥፊ፤ «ፕራይቬት ቻትስ» የሚለውንም አጥፍተሽ አማካሪሽን ብቻ በልዩነት ጨምሪ። ይህ ግን ድምፁን እንጂ ዓይንሽን አይከለክልም፤ ስለዚህ ግሩፖቹን ሚዩት አድርገሽ ወደ አርካይቭ አስገቢያቸው። ሚዩት ከተደረጉ አዲስ መልእክት ቢመጣም እዚያው ይቆያሉ፤ አማካሪሽ የጻፉትን ለማየት ስትገቢም ከፊትሽ አይደረደሩም።