ከትምህርት በኋላ ልጅ ማቆያ የምትጠቀሙ የድሬ ወላጆች፣ እስቲ ምከሩኝ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። እኔም ባለቤቴም ከሥራ የምንወጣው 11 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ከትምህርት በኋላ ሳቢያን ያለ ማቆያ ይቆያል። የቤት ሥራውን ጨርሶ ነው የሚመጣው፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ግን ጠልቶታል። ማታ ማታ "ነገ አልሄድም" ብሎ ለቅሶ ነው። ለምን ስለው "እዚያም ቁጭ በሉ ነው" ይለኛል።

እውነቱን ነው። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብደርስ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ትልቅ ትንሹ አንድ ላይ ተደርድሮ ከሰሌዳ ይገለብጣል፤ የእኔው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ እርሳሱን ያኝካል። ኳስ አለ፣ ግን ከነመረቡ ምስማር ላይ ተሰቅሏል (ለማን እንደተገዛ እንጃ)። ኃላፊዋን ትንሽ ይጫወቱ እንጂ ብላት "ወላጅ የሚከፍለው ለጥናት ነው" አለችኝ። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት አንቀጽ 31 ዕረፍትና ጨዋታ የልጅ መብት ነው ይላል፣ ግን ይሄን ይዤ ብሄድ ነገረኛ ልባል ነው።

ጎረቤት ጋ እንዳልተወው ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ አያቱ ያሉት ሐረር። ሳቢያን ወይም ከዚራ ጥላ ያለው፣ ልጆች የሚሮጡበት ማቆያ የምታውቁ በናታችሁ ጠቁሙኝ። ከወላጆች ጋር ተነጋግራችሁ የጨዋታ ሰዓት ያስጨመራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ምን ብላችሁ ነው ያሳመናችኋቸው?