በከሰል ጭስ የተጎዳ አንጎል ያገግማል ወይ?

ጥያቄ፦ አንዲት ልጅ ስለ እናቷ፣ ከደሴ
ከአንድ ወር በፊት እናቴ ብርዱ ሲጠናባቸው ማንደጃውን ከነፍሙ መኝታ ክፍል አስገብተው፣ በርና መስኮቱን ዘግተው ተኙ። ጠዋት ራሳቸውን ስተው አገኘናቸው። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ድነው ተመለሱ፤ ሦስት ሳምንትም ደህና ሰነበቱ። በዚህ ሳምንት ግን እግራቸውን መጎተት ጀምረዋል። ትናንት ቡናውን ሳይጨምሩ ባዶ ውሃ በጀበና ጥደው፣ አቦል ብለው ቀዱልን። አንጎል ራሱን የሚጠግንበት መንገድ አለው? እኛስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ነርስ፣ ከኮምቦልቻ
እህቴ፣ አብሽሪ፤ ነገር ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም መልሰሻቸው ሂጂ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ አንጎልን ኦክስጅን ያሳጣዋል። አንዳንድ ሰው ከዳነ በኋላ፣ ከ2 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፣ የመርሳትና የአካሄድ ችግር ይመለስበታል። ስትሮክ አለመሆኑን የሚለየው ግን ምርመራ ብቻ ነው።

መልስ፦ የፊዚዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ
የሞተ የነርቭ ሕዋስ በአብዛኛው አይተካም፤ የጎደለውን የሚሸፍኑት የተረፉት ናቸው። መልእክት የሚልከው ሕዋስ መልእክቱን የሚያደርሰውን ኬሚካል አብዝቶ ያመነጫል፣ ተቀባዩም መቀበያዎቹን ስለሚያበዛ ጥቂቱ መልእክት ይበቃዋል። እጅ በሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን በሚያዘገየው የፓርኪንሰን ሕመም፣ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አድራሽ ኬሚካል ከግማሽ በታች እስኪወርድ ድረስ ምልክቱ ጎልቶ የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከኬሚካሉ ሌላ የአካል ለውጥም አለ፦ የተረፉት ነርቮች አዳዲስ ቅርንጫፍ አውጥተው ባዶ ወደቀረው ቦታ ይዘረጋሉ። ዘግይቶ የሚመጣው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጉዳት በብዛት የሚያርፈው ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ በሚሸፍነው ማይሊን ላይ ነው፤ ማይሊን ደግሞ ቀስ በቀስ ሊታደስ የሚችል በመሆኑ ብዙዎች በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ሙሉ በሙሉ የማይመለስላቸው መኖራቸውንም መደበቅ አልፈልግም።

መልስ፦ አባቷን ያስታመመች፣ ከኮምቦልቻ
አዲሱ ቅርንጫፍ የሚጠነክረው በሥራ ነው፤ ስለዚህ ጀበናውን አትቀሟቸው። አጠገባቸው ተቀምጠሽ ማጠቡን፣ መቁላቱን፣ መውቀጡን በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ራሳቸው ይሥሩ፤ ሲረሱ ቀድመሽ ከመሥራት ይልቅ «ቀጥሎ ምን ነበር?» ብለሽ ጠብቂ። እሳቱን ግን አንቺ ያዢ።

ጠያቂዋ፦
ፈጣሪ ይስጥልኝ። ነገ በጠዋት እንወስዳቸዋለን፤ ማንደጃውንም ዛሬ ደጅ አውጥተነዋል።