ሙዚቃና ዘፈን በኢስላም፦ ሐራም ነው ወይስ ኢኽቲላፍ (የሊቃውንት የሐሳብ ልዩነት) ያለበት?

ጠያቂ፦
አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ይህን የማነሳው ጭቅጭቅ ፈልጌ አይደለም። አንዱ ኡስታዝ «ሙዚቃ በኢጅማዕ (በሊቃውንት ሙሉ ስምምነት) ሐራም ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው «ሙዚቃ ሐራም ነው የሚል አንድ አያ (የቁርአን አንቀጽ) አምጡ» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ሌላው ወገን ምንም ደሊል (ማስረጃ) እንደሌለው አድርገው ነው። እኔ ደሊሉን ማየት እፈልጋለሁ። ማን ምን አለ? ከምን ተነስቶ? የምታውቁ አካፍሉን።

ደረሳ፦
ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከቁርአን እንጀምር። የሱረቱ ሉቅማን 6ኛው አያ «ለህወል ሐዲስን»፣ ማለትም ከንቱ ወሬን፣ ገዝተው ሰዎችን ከአላህ መንገድ ስለሚያሳስቱ ይናገራል። ሰሃባው (የረሱል ባልደረባ) ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ይህ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ በአላህ ምለው «ዘፈን ነው» አሉ። ኢብን ዐባስም (ረ.ዐ) «ዘፈንና መሰሉ» ብለዋል። እነዚህ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተማሩ ሰዎች ናቸው። የእነሱን ተፍሲር (ትርጓሜ) ትቼ የማንን ልያዝ?

ከዚያ በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲስ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኡመታቸው ዝሙትን፣ ሐርን፣ አስካሪ መጠጥንና መዓዚፍን ሐላል የሚያደርጉ ሰዎች እንደሚመጡ ተናግረዋል። መዓዚፍ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሐላል ያደርጉታል የተባለው ቀድሞ ሐራም ስለሆነ ነው። የአራቱም መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት መንገዶች) አብዛኞቹ ዑለማ (ሊቃውንት) የሙዚቃ መሣሪያን ከልክለዋል። ኢማሙ ማሊክ አንዳንድ የመዲና ሰዎች ስለሚፈቅዱት ዘፈን ሲጠየቁ «እኛ ዘንድ ይህን የሚያደርጉት ፋሲቆች (አመጸኞች) ናቸው» አሉ። ኢማሙ ሻፊዒይ ደግሞ ዘፈን የሚያበዛ ሰው ምስክርነቱ ተቀባይነት የለውም ብለዋል። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው።

አንባቢ፦
ባረከላሁ ፊክ ደረሳው፣ ግን አያውን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ወቀሳው «ከአላህ መንገድ ሊያሳስት» እና «መሳለቂያ ሊያደርጋት» ከሚል ዓላማ ጋር ነው የመጣው። ኢማሙ ጦበሪ አንተ ያመጣሃቸውን የሰሃባ ንግግሮች ሁሉ ከዘገቡ በኋላ አያው ከአላህ መንገድ የሚያዘናጋን ማንኛውንም ወሬ ያጠቃልላል ብለዋል። ዘፈን ከዚያ አንዱ ነው እንጂ እሱ ብቻ አይደለም። ኢብን ሐዝም ደግሞ ሰው ሙስሐፍ እንኳ ገዝቶ ሰዎችን ከአላህ መንገድ ለማሳሳት ቢጠቀምበት በዚህ ሥራው ይከፍራል (ከእምነት ይወጣል) ይላሉ። ስለዚህ አያው የሚወቅሰው ማሳሳቱን ነው። ከሥራ መልስ አንድ ዜማ የሰማ ሰው የአላህን መንገድ መሳለቂያ አደረገ ማለት ይከብደኛል።

የቡኻሪውንም ሐዲስ ኢብን ሐዝም ሰነዱ (የአስተላላፊዎቹ ሰንሰለት) ተቆርጧል ብለው አልተቀበሉትም። ቡኻሪ «ነገረኝ» ሳይሆን «ሂሻም ኢብን ዐማር አለ» ብለው ነው የጀመሩት። ከማሊኪያ ዑለማ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢም ዘፈንን በሚከለክሉት ሐዲሶች ውስጥ ሰሒህ (ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ) የለም ብለዋል።

ደረሳ፦
የሰነዱ ነገር ረጅም መልስ ተሰጥቶበታል ወንድሜ። ሂሻም የቡኻሪ ሸይኽ ናቸው። ቡኻሪ በአካል አግኝተዋቸዋል። ደግሞ ሐዲሱ በቡኻሪ ብቻ አልቀረም። ኢብን ሒባንና ጦበራኒ ሰነዱ ሳይቆረጥ አምጥተውታል። ኢብኑ ሰላሕ፣ ኢብኑል ቀይም፣ ኢብን ሐጀር ኢብን ሐዝም እዚህ ላይ እንደተሳሳቱ አሳይተዋል። ኢብን ሐዝምን እወዳቸዋለሁ፤ በዚህ ግን ልከተላቸው አልችልም።

አንባቢ፦
እሺ፣ ሰነዱን ልተውልህ። ሐዲሱ ሰሒህ ነው እንበል። ጥያቄዬ ትርጉሙ ላይ ነው። የተጠቀሱት አራት ነገሮች ሁሉም እኩል ናቸው? ሐር ለሴት ሐላል ነው። እንግዲያው ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ብቻውን ነገሩን በሁሉም ሰውና በሁሉም ሁኔታ ሐራም አያደርገውም። ከዑለማ ውስጥ ወቀሳው አራቱ ለተሰበሰቡበት የመጠጥና የዝሙት ድግስ ነው ያሉ አሉ።

ደረሳ፦
«ሲሰበሰቡ ብቻ» ካልን ዝሙት ብቻውን ሐራም አይደለም ልንል ነው? ይህ አያስኬድም። ሐር ለሴት የተፈቀደው በሌላ ግልጽ ደሊል ነው። ለመዓዚፍም እንዲህ ያለ ደሊል አምጣልኝ። ዱፍ (የእጅ ከበሮ) በዒድና በሠርግ ተፈቅዷል፣ እሱን እቀበላለሁ። ዑድ የተባለው ባለ ክር መሣሪያና ዋሽንት ግን የቱ ላይ ተፈቀዱ?

እህት፦
ወንድሞቼ፣ ስለ ዒድ ካነሳችሁ ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤት እንግባ። ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም አለ። ሁለት ልጃገረዶች እሷ ዘንድ ስለ ቡዓስ ጦርነት ይዘፍኑ ነበር። አውስና ኸዝረጅ ከሂጅራ በፊት የተዋጉበት ጦርነት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገብተው ጋደም አሉ፣ ፊታቸውንም አዞሩ። ከዚያ አቡበክር (ረ.ዐ) መጡና «በረሱል ቤት የሸይጧን ዋሽንት?» ብለው ተቆጡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «ተዋቸው» አሏቸው። በአንዱ ዘገባ ደግሞ «አቡበክር ሆይ፣ ለእያንዳንዱ ሕዝብ ዒድ አለው፣ ይህ የእኛ ዒድ ነው» ብለዋል።

እስቲ አስቡት። የተቆጡት አቡበክር ናቸው፣ ከኡመቱ በላጩ ሰው። የታረሙት ግን ልጃገረዶቹ ሳይሆኑ እሳቸው ናቸው። ዘፈኑም ዚክር (አላህን ማውሳት) አልነበረም፤ ከኢስላም በፊት ስለነበረ ጦርነት ነው።

ሁለተኛ የሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ሠርግ አለ። ልጃገረዶች ዱፍ እየመቱ በበድር ስለተገደሉ አባቶቻቸው ይዘፍኑ ነበር። አንዷ «ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ ነቢይ በመካከላችን አለ» አለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «ይህን ተዪውና ስትዪ የነበረውን በዪ» አሏት። ያረሙት ስንኙን ነው፣ ምክንያቱም የነገን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ዘፈኑ እንዲቀጥል ግን ራሳቸው አዘዙ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው ቃሉ ነው። ሽርክ ወይም ብልግና ያለበት ግጥም መሣሪያ ባይኖረውም አይሰማም።

ሌላም አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) አንዲት ሙሽራ ለአንድ የአንሷር (የመዲና ሙስሊሞች) ሰው ስትሸኝ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «ጨዋታ አልነበራችሁም? አንሷሮች ጨዋታ ይወዳሉ» አሏት። የሰዉን ባሕርይ አውቀው፣ ደስታው እንዳይጎድልበት አስበው ነው የጠየቁት።

ደረሳ፦
እህቴ፣ ጀዛኪላህ ኸይር። ሦስቱም ሰሒህ ናቸው፣ እኔም እቀበላቸዋለሁ። ግን ሁለት ነገር አስተውይ። አቡበክር «የሸይጧን ዋሽንት» ሲሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «አይደለም» አላሏቸውም። ምክንያት ሰጡ፤ ዒድ ነው አሉ። ምክንያት የሚሰጠው ደግሞ መሠረቱ ክልክል ለሆነ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ዓኢሻ ራሷ በአንዱ ዘገባ «ዘፋኞች አልነበሩም» ብላለች፤ ሙያቸው አልነበረም። ከዚህ ተነስቶ ሙሉ ባንድ፣ የተቀላቀለ አዳራሽና የፍቅር ዘፈን መፍቀድ ሩቅ ነው።

እህት፦
እኔም አዳራሹን አልፈቀድኩም። ግን «ዒድ ነው» የሚለውን አንተ ለክልክል ነገር የተሰጠ ልዩ ፈቃድ አድርገህ ወሰድከው። እኔ ደግሞ የደስታ ጊዜ ስለሆነ ተዋቸው እንደማለት ነው የምረዳው። ሸይጧናዊ የሆነ ነገር በዒድ ቀን ይፈቀዳል ወይ?

ወጣት፦
ያ ጀመዓ፣ ኢኽቲላፍ ካለ አለቀ በቃ። ሐላል ያሉትን ሸይኾች ይዤ የፈለግኩትን እሰማለሁ። ገዛሊም ፈቅደዋል አይደል?

አንባቢ፦
አይ ወንድሜ፣ እንዲህ አይደለም። እኔ ለፈቃድ የምከራከረው ሰውዬ ነኝ፣ ግን ይህን አልቀበልም። ገዛሊ ስለ ሰማዕ (ዘፈንና ዜማ ማዳመጥ) በሰፊው ጽፈዋል። መሠረቱ ሙባሕ (የተፈቀደ) ነው ካሉ በኋላ ሐራም የሚያደርጉትን ሁኔታዎች ቆጥረዋል። ዘፋኟ ፈተና የምትሆን ሴት ከሆነች፣ ግጥሙ ብልግና ካለበት፣ ሰሚው ስሜቱ የሚያሸንፈው ወጣት ከሆነ፣ መሣሪያው የጠጪዎች መለያ ከሆነ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ገዛሊ ባለ ክር መሣሪያዎችንና ዋሽንቶችን ከተከለከሉት ውስጥ ነው ያስገቧቸው። ምክንያታቸው በዘመናቸው የመጠጥ ቤት ምልክት ስለነበሩ ነው። ዛሬ ያ ምልክትነት ቀርቷል የሚል ሰው በምክንያቱ ላይ መከራከር ይችላል። «ገዛሊ ጊታር ፈቅደዋል» ማለት ግን በእሳቸው ላይ መዋሸት ነው።

ቀርዷዊም በ1960 በታተመው የሐላልና ሐራም መጽሐፋቸው ዘፈንን ሲፈቅዱ በቃሉ፣ በአቀራረቡና በመጠኑ ላይ ሸርጥ (ቅድመ ሁኔታ) አስቀምጠዋል። የፈቀዱትን ዑለማ ከያዝክ ሸርጣቸውንም ያዝ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚሰማው ዘፈን በፈቀዱትም ሸርጥ አያልፍም። ይህን ስናገር እያዘንኩ ነው፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ደረሳ፦
አላህ ይባርክህ። እዚህ ላይ አንድ ነን።

ጠያቂ፦
ኢጅማዕ የተባለውስ? አለ ወይስ የለም?

ደረሳ፦
ኢብኑ ሰላሕ ዱፍ፣ ዋሽንትና ዘፈን አንድ ላይ ሲሆኑ ሐራም መሆኑን በዑለማ ስምምነት አስተላልፈዋል። ቁርጡቢም ስለ ዋሽንትና ባለ ክር መሣሪያዎች እንዲሁ።

አንባቢ፦
ሸውካኒ ደግሞ ይህን የኢጅማዕ ክስ ለማፍረስ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈዋል። ኢብራሂም ኢብን ሰዕድን እንውሰድ። የታላቁ ሰሃባ የዐብዱረህማን ኢብን ዐውፍ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ሐዲሳቸውን ተቀብለዋል። እሳቸው ዘፈንን ይፈቅዱ ነበር፣ ዑድ ይመቱ እንደነበርም በታሪክ መጻሕፍት ተዘግቧል። ስለዚህ «ብዙኃኑ ከልክለዋል» በሉ፣ ልክ ናችሁ፤ ከባድ ነገርም ነው። «ማንም አልተለየም» ማለት ግን አይቻልም።

ደረሳ፦
የአንድ ሰው መለየት የብዙኃኑን ደሊል አያዳክምም። ግን ኢጅማዕ የሚለውን ቃል ዱፍ እንኳ ለሌለው ነሺዳ (ሃይማኖታዊ ዜማ) ሁሉ የሚመዙት ሰዎች መሳሳታቸውን አምናለሁ። መሣሪያ የሌለው ጥሩ ግጥም በዜማ ማለት ከሙዚቃ መሣሪያ ጋር አንድ ፍርድ የለውም። ሻፊዒይም ግጥም ንግግር ነው፣ መልካሙ መልካም፣ መጥፎውም መጥፎ ነው ብለዋል።

ነሺዳ ባይ፦
ይህን ስለተናገርክልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ነሺዳ እላለሁ፣ በድምፅና በዱፍ ብቻ። አንዱ ወገን «ሙናፊቅ» (አስመሳይ አማኝ) ይለኛል፣ ሌላው «ኋላቀር፣ ፒያኖ ጨምርበት» ይላል። ኢብን መስዑድ ዘፈን በልብ ውስጥ ንፍቅናን ያበቅላል ማለታቸውን አውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝም ነገር ነው። ግን የሰሃባ ንግግር እንጂ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሰሒህ አልመጣም። ደግሞም እሳቸው ስለ ልብ አስጠነቀቁ እንጂ ወንድምህን በስሙ ሙናፊቅ በለው አላሉም። ይህ በጣም ያመኛል። የሚሳደበው ሰው ስለ ሙዚቃ ሐራምነት ተሟጋች ነው፣ የሙስሊም ክብር ሐራም መሆኑን ግን ረስቷል።

አሁን የእኔን ጥያቄ መልሱልኝ። ድምፅን በኮምፒውተር አቀነባብሮ እንደ ቫዮሊን እንዲሰማ ማድረግ አለ። መነሻው የሰው ጉሮሮ ነው፣ የሚሰማው ግን መሣሪያ ነው። ይህስ?

ደረሳ፦
ፍርዱ ለሚሰማው ነው። ጆሮ ከቫዮሊን የማይለየው ከሆነ ቫዮሊንን የከለከለ ሰው እሱንም ይከለክላል። የተከለከለው እንጨቱ አይደለም።

አንባቢ፦
በዚህ የእሱ ሐሳብ ወጥ ነው። እኔ መሣሪያውን ስለምፈቅድ አያስጨንቀኝም። ግን ሐራም ነው እያለ በድምፅ ተሠራ ብሎ የሚሰማው ሰው ራሱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

እህት፦
እኔ ድምፁን እንዳለ ብትተወው እመርጣለሁ ወንድሜ። ሰው ነሺዳህን የሚሰማው ለቃሉ ይሁን። የቁርአን ቲላዋን (ንባብን) ሰዓት የሚበላ ከሆነ ግን ነሺዳም ቢሆን ቀንስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ሙሳን (ረ.ዐ) ከዳውድ ዜማዎች አንዱ ተሰጥቶሃል ብለው ያደነቋቸው ቁርአን ሲያነቡ ሰምተዋቸው ነው።

ሠራተኛ፦
ክርክሩን ስከታተል ነበር። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። በምሠራበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ይከፈታል። የማጥፋት ሥልጣን የለኝም። ሐራም ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራዬን ልተው?

ደረሳ፦
ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ረጋ በል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) የእረኛ ዋሽንት ሲሰሙ ጣታቸውን በጆሯቸው ከተው መንገድ ቀየሩ። አብሯቸው የነበረውን ናፊዕን «ይሰማሃል?» እያሉ ይጠይቁት ነበር፣ አይሰማኝም እስኪል ድረስ። ናፊዕን ግን አንተም ጆሮህን ድፈን አላሉትም።

አንባቢ፦
አቡ ዳውድ ይህን ሐዲስ ሙንከር (ተቀባይነት የሌለው ዘገባ) ብለውታል። ደግሞ ለእኔም ደሊል ነው፤ ሐራም ቢሆን እረኛውንም ናፊዕንም ይከለክሉ ነበር።

ደረሳ፦
ሌሎች ሙሐዲሶች (የሐዲስ ሊቃውንት) ሰሒህ ብለውታል። ለጥያቄህ መልሱ ኢብን ተይሚያ ላይ አለ። ፍርዱ ጆሮውን ሰጥቶ ለሚያዳምጥ እንጂ ሳይፈልግ ጆሮው ላይ ለደረሰበት ሰው አይደለም ብለዋል። ናፊዕ ይሰማ ነበር እንጂ አያዳምጥም ነበር። አንተም አላዳመጥክም። ቀስ ብለህ፣ ሳትጣላ፣ ድምፁን ቀንሱልኝ በላቸው። ካልቀነሱ በልብህ ጥላው፣ ሥራህን ሥራ። የተሻለ ቦታ ስታገኝ ትሄዳለህ። ለዚህ ብሎ የቤተሰብህን ሪዝቅ (መተዳደሪያ) ዛሬ አቋርጥ የሚልህን ሰው ግን ደሊሉን ጠይቀው።