የልጄን የትኩረት መድኃኒት ስንፈልግ የቆየንበት መንገድና የባሕር ዳር ክረምት

ውድ የማኅበረሰባችን አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

በዚህ ሳምንት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት ለመምጣት መዘጋጀታቸውን ገልጸው፣ ልጁ የሚወስደውን የኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር) መድኃኒት «ዘመድ መካከል ሲሆን አያስፈልገው ይሆናል» በሚል ሐሳብ ለሁለት ወር ቢያቋርጡት ምን እንደሚመስለን ጠይቀውናል። ከዚሁ ጋር፣ እስካሁን የተሞከሩት ሁለት መድኃኒቶች ለልጃቸው እንዳልተስማሙና ተስፋ ወደ መቁረጥ እንደ ደረሱ ጽፈዋል። እኔም የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ከሜሪላንድ ባሕር ዳር ከገባሁ አምስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ይህን የምጽፈው ዝናቡ ጣናን ከዓይናችን በሸሸገበት ከሰዓት በኋላ፣ ከእናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ሁለት ዓመት ሙሉ በማስታወሻ ደብተር የተከታተልኩትን አንድ ልጅ ነው።

ማቋረጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚወስነው የመድኃኒቱ ዓይነት ነው። ብዙዎቻችን በሪታሊንና በኮንሰርታ ስም የምናውቀው ሜቲልፌኒዴት፣ እንዲሁም አዴራልና ቫይቫንስ የሚመደቡበት የአምፌታሚን ወገን፣ በተወሰዱበት ዕለት ሠርተው በዚያው ዕለት ኃይላቸው የሚያልቅ ናቸው፤ ስለዚህ የልጁ ክብደትና ቁመት ሐኪሙን ሲያሳስበው ቅዳሜና እሑድን ወይም የእረፍት ወራትን ያለ መድኃኒት እንዲያሳልፍ የሚፈቅድበት ጊዜ አለ። ስትራቴራ በሚል ስም የሚሸጠው አቶሞክሴቲን ግን ኃይሉን ለማሳየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈጅ በመሆኑ፣ ለክረምት ያቋረጠ ልጅ ትምህርት ሲከፈት መንገዱን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጓንፋሲንና ክሎኒዲን ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይለያሉ፤ አስቀድሞ ለደም ግፊት ሕክምና ያገለግሉ የነበሩ መድኃኒቶች ስለሆኑ በድንገት ሲተዉ የደም ግፊትና የልብ ምት ሊጨምር ይችላል፤ የሚቆሙትም ሐኪም በሚያዘው መሠረት መጠናቸው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ብቻ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ከዘመድ ምክር በፊት የልጅዎ መድኃኒት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አጣርተው ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሁለት ሞክረው አልተሳካም ላሉት፣ የእኛ ልጅ የተስማማው በአራተኛው እንደ ነበር ልንገርዎት። መምህሩ ልጁ ወንበሩ ላይ መቀመጥ እንዳቃተው፣ የጀመረውን እንደማይጨርስና ተራውን መጠበቅ እንደማይችል በነገሩን ጊዜ 7 ዓመቱ ነበር። እኔ «ቅብጥብጥ ነው እንጂ ምንም የለበትም» ብዬ ለብዙ ወራት ተከራክሬአለሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ሐኪሞች ልጅን ኤዲኤችዲ አለበት የሚሉት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩና በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤትም በትምህርት ቤትም የታዩ ሲሆኑ ነው፤ ለእኛም ለመምህሩም የየራሳችንን መጠይቅ የሰጡን ለዚህ ነበር። ቤት ውስጥ ጫማውን አድርጎ ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ስቆጥር፣ መምህሩ የጻፈው ነገር ከእኔው ቤት የተቀዳ መሰለኝ።

የመጀመሪያው መድኃኒት አጭር ጊዜ የሚሠራው ሪታሊን ነበር፤ 5 ሚሊግራም ጠዋት፣ 5 ሚሊግራም እኩለ ቀን ላይ። ጥሩ ሠርቷል፤ ነገር ግን ኃይሉ ከአራት ሰዓት አይበልጥም። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል የወሰደው ልጅ 5 ሰዓት ሲያልፍ ይነጫነጫል፤ የእኩለ ቀኑን ለመውሰድም ጓደኞቹ እያዩት ወደ ትምህርት ቤቱ ነርስ መሄድ ስለነበረበት አፈረ፤ በመጨረሻም አልሄድም አለ። ከዚያ ወደ ኮንሰርታ ተሻገርን። ይህ ክኒን ቅርፊቱ ወዲያው የሚሠራውን ድርሻ ከለቀቀ በኋላ በክኒኑ ውስጥ የቀረውን ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየገፋ የሚያወጣ፣ ወደ 12 ሰዓት ገደማ የሚቆይ ነው፤ ስለዚህም ሳይታኘክና ሳይሰበር መዋጥ አለበት። በ18 ሚሊግራም ትምህርቱ ተስተካከለ፤ እንቅልፉ ግን እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ጠፋ። ወደ 27 ሲያድግ ደግሞ ልጁ ዝም አለ።

በዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ከሁሉ በላይ ልጽፍ የፈለግሁት ይህን ነውና። እኛ ያደግነው ዝምታ ጨዋነት በሆነበት ቤት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ ሲጠሩት «አቤት» ብሎ የሚቆም ልጅ ወላጆቹን ያስመሰግናል። ልጄ በ27 ሚሊግራም ላይ በነበረበት ወር ቤታችን የመጡ ዘመዶች ሁሉ «እንዴት ጨዋ ሆነ!» ብለው አደነቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። ደብተሬን ስገልጥ ግን በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ሳቀ የሚል አንድም መስመር አልነበረም። የእህቱን ቀልድ እየሰማ ፊቱ አይለወጥም፤ ኳሱን ቢያቀብሉት ይዞት ይቆማል። ለሐኪሙ ይህንኑ ስነግረው መጠኑ እንደ በዛበት ሳያመነታ ነገረኝና በማግስቱ ወደ 18 መለሰው። የተስማማ መጠን ማለት ልጁ ራሱን ሳያጣ የጀመረውን የሚጨርስበት መጠን እንጂ ዝም የሚልበት መጠን አለመሆኑን የተማርኩት ያን ቀን ነው። የእርስዎም ልጅ «አልተስማማውም» የተባለው መጠኑ በዝቶ ይሁን፣ ሰዓቱ ሳይገጥም ቀርቶ ይሁን ወይስ መድኃኒቱ ራሱ ለእርሱ ሳይሆን ቀርቶ፣ እነዚህን ሦስቱን ለይተው ይመልከቱ።

እንቅልፉ ስላልተመለሰ ሦስተኛውን፣ አቶሞክሴቲንን፣ ስምንት ሳምንት ሞከርን። ሆዱን ያመው ነበር፤ ያለ ምክንያትም ያለቅስ ጀመር። መድኃኒቱ በልጆች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያመጣ እንደሚችል የሚያሳስብ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ስላለበት ሐኪሙ ልቅሶውን እንደ ሰማ አስቆመው። በመጨረሻ ያገኘነው ያንኑ ሜቲልፌኒዴት በሌላ አሠራር ነው፤ ግማሹ ወዲያው፣ ግማሹ ከተዋጠ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ የሚለቀቅ፣ በድምሩ ወደ 8 ሰዓት የሚቆይ የ20 ሚሊግራም እንክብል። የትምህርት ቀኑን ይሸፍናል፤ ማታ ግን ይለቀዋል፤ እራቱን ይበላል፤ ይተኛል። ክኒን መዋጥ ያስቸግረው በነበረ ጊዜም እንክብሉን ከፍተን ፍሬዎቹን በቀዘቀዘ የፖም ፍጭ ላይ በትነን ሳያኝክ እንሰጠው ነበር። በመካከሉ መድኃኒት ቤቱ ሁለት ጊዜ «የለም» ብሎ መልሶናል፤ በፈረንጆች ጥቅምት 2022 የአዴራል እጥረት በአሜሪካ በይፋ ከተገለጸ ወዲህ ችግሩ ወደ ሌሎቹም መዛመቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ባሕር ዳር ልመለስ። አጎቴ የመድኃኒቱን ነገር በሰሙ ጊዜ «ይህ ታዲያ የልጅ ጫት ነው» አሉኝ። ባሕር ዳር ጫት ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ያላየ ሰው የለምና ቃሉን በቁጣ ልመልሰው አልፈለግሁም። እውነት ያለበት ንግግር ነው፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ሜቲልፌኒዴትም አምፌታሚንም በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያሉ ናቸው። ነገር ግን በሐኪም ተለክቶ፣ በአፍ ተወስዶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ደም የሚገባ መድኃኒት ምርቃና አይሰጥም፤ በልጅነታቸው በዚህ መልክ የታከሙ ልጆችም በኋላ ለሱስ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው አልተገኙም። አጎቴን ያሳመናቸው ግን መድኃኒቱን በቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ማስቀመጤና ከእኔ በቀር ማንም እንደማይሰጠው ማየታቸው ይመስለኛል።

እናቴ ደግሞ ልጁን ጸበል ወሰዱት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። መድኃኒቱን ተወት አድርጊው ሲሉኝ፣ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን አስታወስኳቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ «እርሳቸው ካሉማ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን ወሰደ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ እርሳቸው ናቸው።

ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ሌላ ጥያቄ መጣ። ይህ ጾም የልጆች ጾም ነውና የአክስቶቹ ልጆች ሁሉ ቅዳሴ እስኪወጣ ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ ልጄም እንደ እነርሱ ልሁን አለ። እነዚህ መድኃኒቶች ግን ቀን ላይ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም የቁመት ዕድገትን በጥቂቱ ሊያዘገዩ ይችላሉ። ጠዋት ሳይበላ ከወሰደው እስከ ማታ የሚበላው ነገር አይኖርም ማለት ነው። የንስሐ አባታችንን ስናማክር ጠዋት በልቶ መድኃኒቱን እንዲወስድ፣ ጾሙን ከሥጋና ከወተት በመከልከል እንዲካፈል ፈቀዱለት። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የሱፍ ፍትፍት ወይም የገብስ ገንፎ በዘይት ይበላል፤ ከዚያ እንክብሉን ይውጣል፤ ምሳው ጥቂት ማንጎና ሙዝ ነው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ፍላጎቱ ሲመለስ ደግሞ እስኪጠግብ ይበላል። ቡና ሲፈላ በረካውን ለልጆች የማቅመስ ልማድ ያለበት ቤት ከሆነ፣ ቡና የልብ ምትን ስለሚጨምር ለዚህ ልጅ እንዳይሰጥ አስቀድመው ይንገሩ።

ያጠፋሁትንም መናገር ይገባኛል። በሁለተኛው ሳምንት «አንድ ቀን እንኳ ይረፍ» የሚለው ምክር ሲበዛብኝ፣ ሐኪሙን ሳልጠይቅ መድኃኒቱን አስቀርቼ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። ሐሳቤ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ላሳየው ነበር። ከወደቡ ከራቅን በኋላ አንድ ሰው በታንኳ ሲያልፍ ልጄ የመንሳፈፊያ ልብሱን ፈትቶ፣ መቀመጫው ላይ ወጥቶ፣ ግማሽ አካሉን ከጀልባው ውጭ ሲያደርግ የያዘው የጀልባው ነጂ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ትምህርት የሌለበት ቀን መድኃኒት የማያስፈልግበት ቀን ይመስለኝ ነበር፤ ውኃ ዳር፣ ባጃጅ በሚሯሯጥበት መንገድና በማያውቁት ግቢ ውስጥ ግን፣ ሳያስብ የሚዘል ልጅ ከክፍል ውስጥ ይልቅ ለአደጋ ቅርብ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አላስቀረሁም። ባለፈው ሐሙስ ሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ አጠገባቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ እየጠየቃቸው፣ የሚያቀብላቸውን እያቀበለ ቆየ፤ እየሳቀም ነበር፤ ያንን በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

ስለ ጉዞው በአጭሩ፦ በአሜሪካ እንደ ሜቲልፌኒዴትና አምፌታሚን ያሉ ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች በአንድ ማዘዣ ደጋግመው አይወጡም፤ ነገር ግን ሐኪሙ በአንድ ጊዜ እስከ 90 ቀን የሚደርስ ማዘዣ ከፋፍሎ መጻፍ ስለሚፈቀድለት ከመነሳትዎ ከአንድ ወር በፊት ይጠይቁት፤ ኢንሹራንሱም ቀድሞ ለመክፈል ፈቃድ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ከነስሙ በመጣበት ብልቃጥ፣ ከማዘዣው ቅጂና ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ። በዱባይ የሚያልፉ ከሆነ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቁጥጥር ላለባቸው መድኃኒቶች ቅድሚያ ፈቃድ እንደሚጠይቁ አይርሱ፤ ስለ እኛ አገር ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን አስቀድመው ይጠይቁ። በክረምት ከሜሪላንድ ያለን ልዩነት 7 ሰዓት ስለሆነ፣ እኛ በሐኪሙ ምክር የደረስንበትን ቀን አልፈን በማግስቱ ጠዋት በባሕር ዳር ሰዓት ቀጠልን። ክብደቱንና የደም ግፊቱን የሚለኩበት ቦታ ቢያስፈልግዎ በከተማው ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ።

እህቴ፣ የልጅዎን መድኃኒት ስም፣ መጠኑን፣ የሚወስድበትን ሰዓትና ጠባዩ የሚለወጥበትን ሰዓት ጽፈው ቢልኩልኝ፣ እኔ የምጠቀምበትን የደብተር ገጽ አዘጋጅቼ እልክልዎታለሁ። አምዶቹ ስድስት ናቸው፦ የወሰደበት ሰዓት፣ ጠዋት የበላው፣ የጀመረውን የጨረሰበት፣ የተነጫነጨበት፣ የሳቀበትና የተኛበት ሰዓት። ሁለት ሳምንት ሞልተው ለሐኪሙ ያሳዩት።